«ጓደኛዬ ከሞተች ወዲህ መኖር አቃተኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ከሦስት ወር በፊት የሥራ ባልደረባዬና የቅርብ ጓደኛዬ የሆነች እኩያዬ በድንገት ሞተችብኝ። ዓርብ ማታ «የቀረውን ሰኞ እንጨርሰዋለን» ብላኝ ተለያየን። እሁድ መሞቷ ተነገረኝ። ልቧ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሌሊት እየነቃሁ የልቤን ምት አዳምጣለሁ። ቀን ደግሞ የምሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለኛል። አንዳንዴ ሥራዬን ለቅቄ ቀሪ ዘመኔን በጸሎት ብቻ ላሳልፍ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ «ነገ ለማይታወቅ ምን አለፋኝ» ብዬ ሁሉንም እተወዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ክርስቲያን ነኝ፤ ትንሣኤን አምናለሁ። ታዲያ ለምን እፈራለሁ? እምነቴ የውሸት ነበር ማለት ነው? ሌላም ነገር አለ። አባታችን ትቶልን በሄደው ቤት የተነሣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልተን፣ ከተነጋገርን አራት ዓመት ሊሆነን ነው። ደግሞ ሰሞኑን የ7 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ አንቺም ትሞቻለሽ?» ስትለኝ ወሬ ቀየርኩባት። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሰኞ እንገናኝ ያለሽ ሰው ሰኞን ሳያይ ሲቀር መሬቱ ከእግርሽ ሥር የከዳሽ ቢመስልሽ አይገርምም። ሦስት ወር ደግሞ ለሐዘን ትንሽ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንሽ በራስሽ ላይ እንዳትፈርጂ ነው።

ፍርሃትሽ እምነትሽ የውሸት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ሞትን ወዳጅ ብሎ አያውቅም። ጳውሎስ ስለ ትንሣኤ በሰፊው በጻፈበት በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 እንኳ ሞትን ጠላት ነው የሚለው፤ በመጨረሻ የሚሻር ጠላት። ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። የራሱ ሰዓት ሲደርስም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸውና አብረውት እንዲነቁ ለመናቸው። እነሱ ግን ተኙ። አንቺ ሌሊት ብቻሽን ነቅተሽ የምታሳልፊውን ሰዓት እሱ ያውቀዋል።

የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 2 ላይ ክርስቶስ ሰው የሆነበትን አንድ ምክንያት ሲናገር፣ በሕይወታቸው ሁሉ በሞት ፍርሃት በባርነት የታሰሩትን ነጻ ለማውጣት ነው ይላል። ፍርሃት መሰማቱ አንድ ነገር ነው፤ የፍርሃት ባሪያ መሆን ሌላ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። «ሁሉን ትቼ ልጸልይ» የሚለው ሐሳብሽም፣ «ምን አለፋኝ» የሚለውም ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱንም የወሰነልሽ ፍርሃት ነው። ልጅሽ ስትጠይቅሽ ወሬ ያስቀየረሽም እሱው ነው።

አሁን ከእኔ ጋር መዝሙር 90ን እንይ። ዛሬ ማታም ብቻሽን አንብቢው፤ 17 ቁጥር ብቻ ነው። ርዕሱ የእግዚአብሔር ሰው የሙሴ ጸሎት ይላል። ሙሴ ስለ ሞት የሚያወራው ከሩቅ ሆኖ አይደለም። ከግብፅ ሲወጡ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ወንዶች፣ ከካሌብና ከኢያሱ በቀር፣ በ40 ዓመት ውስጥ በምድረ በዳ እንዲያልቁ ተፈርዶባቸው ነበር። አስቢው እስቲ፤ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ አብረውት ባሕሩን የተሻገሩትን፣ አንድ በአንድ እየቀበረ ነው የተጓዘው። በዚህ ጸሎት ውስጥ ሰው ጠዋት በቅሎ ማታ እንደሚጠወልግ ሣር ነው። ዕድሜው 70፣ ቢበረታ 80 ነው። ነገሩን አላለዘበውም።

በዚህ መሃል ነው ታዋቂው ልመና የሚመጣው፤ ጥበበኛ ልብ እንዲኖረን ዕድሜያችንን መቁጠር አስተምረን ይላል። ስንት ዓመት እንደቀረኝ ንገረኝ አላለም። ያንን ማንም አልተነገረውም፤ ጓደኛሽም አልተነገራትም። የጠየቀው ቀኖቹ የተቆጠሩ መሆናቸውን እያወቀ እንዴት እንደሚኖር ነው። አንቺ ሌሊት ሌሊት እየቆጠርሽ ያለሽው የልብሽን ምት ነው። እሱ ደግሞ ጥበብ አይሰጥም፤ ያደክማል እንጂ።

ብዙ ሰው 12ኛው ቁጥር ላይ ቆም ብሎ ይመለሳል። እኔ ግን የጸሎቱን መጨረሻ በጣም እወደዋለሁ፤ ለአንቺም የሚያስፈልግሽ እሱ ይመስለኛል። ሙሴ ስለ አፈርና ስለ ሣር ከተናገረ በኋላ፣ ጠዋት በምሕረትህ አጥግበን ብሎ ይለምናል። ከዚያ የመጨረሻ ቃሉ ምን መሰለሽ? የእጆቻችንን ሥራ አጽናልን! ሁለት ጊዜ ደግሞ ነው የሚለው። ሞትን ያን ያህል በቅርበት ያየ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እኔ አልፋለሁ፤ አንተ ግን ታጸናለህ ብሎ ሥራውን ለማያልፈው አምላክ ሰጠ። ጳውሎስም እንደዚሁ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን፣ ያን ስለ ትንሣኤ የተጻፈ ረጅም ምዕራፍ፣ የዘጋው ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳልሆነ እያወቃችሁ ሥራው ይብዛላችሁ ብሎ ነው። ትንሣኤ ካለ የማክሰኞ ሥራም ትርጉም አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነሽ አትልቀቂ። በተሰሎንቄ ከተማ ሥራ ፈትተው የሚዞሩ አማኞች ነበሩ። ጳውሎስ ጸጥ ብለው እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ በጥብቅ አዘዛቸው። ስላንቀላፉት ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ብሎ ያጽናናቸውም፣ በእጃችሁ ሥሩ ባለበት በዚያው በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ላይ ነው። ጸሎትሽን አጠንክሪ፤ ግን ጸሎት ከቤተሰብሽና ከኃላፊነትሽ የምትሸሺበት ቦታ አይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከጓደኛሽ ጋር ሰኞ ልትጨርሱት የነበረው ሥራ አለቀ? ካላለቀ ጨርሺው። እያለቀስሽም ቢሆን። የእሷም የእጅ ሥራ አለበት።

ስለ ዕቅድም ላንሣ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉ ሰዎችን ይገሥጻል። ነገ የሚሆነውን አታውቁም፣ ሕይወታችሁ ጥቂት ታይቶ እንደሚጠፋ እንፋሎት ነው ይላቸዋል። ግን አታቅዱ አላላቸውም። ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን በሉ ነው ያላቸው። የልጅሽን ትምህርት አቅጂ፤ የሚቀጥለውን ዓመት አስቢ። የነገው ባለቤት ማን እንደሆነ እስካልረሳሽ ድረስ ማቀድ ኃጢአት አይደለም።

«ግን ዕድሜዬን ባውቀው ኖሮ ተረጋግቼ እኖር ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ሕዝቅያስን አስታውሺ። ይህ ንጉሥ በ25 ዓመቱ ነግሦ 29 ዓመት ገዛ። ታሞ ከሞት አፋፍ ሲደርስ 15 ዓመት ተጨመረለት። ቁጥሩን ስታሰይው በታመመ ጊዜ ዕድሜው 39 ነበር፤ የአንቺ ዕድሜ። ኢሳይያስ መጥቶ ትሞታለህ፣ አትድንም፣ ቤትህን አስተካክል አለው። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ምርር ብሎ አለቀሰ። እግዚአብሔርም እንባውን አየና ዕድሜ ጨመረለት። ይሄ ትልቅ ምሕረት ነው፤ ለቅሶውንም ማንም አልነቀፈውም።

ከዚያ በኋላ ግን ምን እንዳደረገ አንብቢ። ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ። እሱም ብሩንም ወርቁንም፣ በግምጃ ቤቱ ያለውን ሁሉ እያዞረ አሳያቸው። ይህ ሁሉ ወደ ባቢሎን ይወሰዳል፣ ከልጆችህም ይማረካሉ ሲባል፣ በዘመኔ ሰላም ከሆነ ምን አለበት አለ። በእርሱ ፋንታ የነገሠው ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበር። የተወለደው እንግዲህ በተጨመረው ዘመን ውስጥ ነው። ያ ልጅ አባቱ ያፈረሳቸውን የጣዖት መስገጃዎች መልሶ ሠራ። ሕዝቅያስን ልኮንነው አልፈልግም፤ መጽሐፉ በታላቅ ክብር ያነሣዋል። ነገር ግን የተረጋገጠ 15 ዓመት በእጁ ኖሮ እንኳ ቤቱን ከማስተካከል ይልቅ ቤቱን ለእንግዳ ማሳየት ቀደመው። ቀኑን ማወቁ ጥበብ አልሆነለትም። አንቺም የጎደለሽ ቀኑን ማወቅ አይደለም፤ ቤትሽን ማስተካከል ነው።

ቤት ካልን ዘንድ ወደ ወንድምሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ «ሌላም ነገር አለ» ብለሽ በጎን ነው ያስገባሽው። እኔ ግን የደብዳቤሽ ልብ እሱ ይመስለኛል። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ሞት ብቻ አይደለም። ሳትታረቁ መሞት ነው።

በሉቃስ 12 ያለውን የሞኙን ባለጠጋ ምሳሌ ታውቂዋለሽ። እርሻው ብዙ ፍሬ ሰጠው፣ ጎተራዬን አፍርሼ ትልቅ እሠራለሁ አለ፣ በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ይህን ምሳሌ ግን ጌታ ለምን እንደተናገረው ከፍ ብለሽ እዪው። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው መጥቶ፣ መምህር ሆይ፣ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው ስላለው ነው! ወንድማማቾች፣ የአባት ውርስ፣ ጠብ። ልክ እንደ እናንተ። ጌታ ማን ትክክል እንደሆነ አልፈረደም፤ ፈራጅና አካፋይ እንድሆንባችሁ ማን ሾመኝ አለ። ከዚያ ስለ ስስት አስጠነቀቀና ምሳሌውን ነገራቸው። የባለጠጋውን ንግግር ብታስተውዪ ሌላ ሰው የለበትም። ጎተራዬ፣ ፍሬዬ፣ ነፍሴ ብቻ ነው። የሚያማክረው እንኳ ራሱን ነው። ርስት ሰውን እንዲህ ብቻውን ያስቀረዋል።

ወንድምሽ ጥፋተኛ ነው ወይስ አንቺ? አላውቅም፤ አንቺም አልነገርሽኝም። ምናልባት እውነት ያለው በአንቺ በኩል ነው። ይሁን። የቤቱ ጉዳይ በሕግ ወይም ሁለታችሁም በምታከብሩት ሽማግሌ ይለቅ። መብትሽን ተዪ አላልኩሽም። ዝምታውን ተዪ ነው ያልኩሽ። ሁለቱን ነገሮች ለያያቸው። ቤቱ እስኪከፈል ድረስ ወንድምነታችሁ በቀጠሮ መቆየት የለበትም።

እንዲህ አድርጊ። ከእሁድ በፊት መልእክት ጻፊለት። ምናልባት እስከ ዛሬ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ያጠፋሽው ይኖራል። አሁን አጭር አድርጊው፤ ለምሳሌ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነህ? ስለ ቤቱ አይደለም የምጽፍልህ። ናፍቀኸኛል። ያኔ የተናገርኩህ ክፉ ቃል አለ፤ ለእሱ ይቅርታ አድርግልኝ። መቼ ልደውልልህ?» በቃ። ከይቅርታው ቀጥሎ «ግን አንተም…» ብለሽ አትጨምሪ። ያችን «ግን» ከጻፍሽ ይቅርታው አብሮ ይጠፋል። «ብሞትስ» ብለሽም አታስፈራሪው። ሞትን ለራስሽ አስቢው እንጂ በሰው ላይ መጫኛ አታድርጊው።

ባይመልስስ? ጳውሎስ በሮሜ 12 ላይ ቢቻላችሁ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይላል። «ቢቻላችሁ» ያለው ሁልጊዜ ስለማይቻል ነው። በአንቺ በኩል ያለው ከተደረገ የቀረው በአንቺ ላይ አይቆጠርም። በየቀኑ አትጨቅጭቂው። በሩን ክፍት ተዪለትና ጸልዪለት። ጥቂት ወር ቆይተሽ ደግሞ ሞክሪ።

የበረሃው አባት እንጦንስ ለመነኮሳቱ ጠዋት ስትነሡ እስከ ማታ እንደማትቆዩ፣ ማታ ስትተኙም እንደማትነሡ አድርጋችሁ ኑሩ ይላቸው እንደነበር አትናቴዎስ ጽፏል። ይህን ብቻ ለብቻው ብነግርሽ ለአንቺ መርዝ ይሆንብሽ ነበር። ምክንያቱን አብረሽ ውሰጂው፤ እንዲህ የሚኖር ሰው በማንም ላይ ቂም አይዝም፣ ንብረትም አያከማችም ነው የሚለው። ሞትን የሚያስበው ልቡ ውስጥ ያደረ ቂም እንዳይኖር ነበር። በነገራችን ላይ እንጦንስ ያረፈው በ105 ዓመቱ ነው። ሞቱን በየቀኑ እያሰበ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ኖረ።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣው። ኑዛዜሽን በሕጉ መሠረት ጻፊ። የባንክ ሒሳብሽን፣ ዕዳሽን፣ ዋና ዋና ሰነዶችሽን ባለቤትሽ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪ። ሁለታችሁም ባትኖሩ ልጃችሁን ማን እንደሚያሳድግ ተነጋገሩና ያንንም ሰው ጠይቁት። ሟርት አይደለም። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። በተለይ ከወንድምሽ ጋር ያጣላችሁን ነገር ስታስቢ፣ ግልጽ ኑዛዜ ለልጅሽ ምን ያህል እንደሚጠቅማት አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።

ስለ ሌሊቱ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሦስት ወር እንቅልፍ ማጣት ቀልድ አይደለም። ልብሽንም ይመርምሩልሽ፤ ጤነኛ መሆኑን ከሐኪም መስማት በየሌሊቱ ከማዳመጥ ይሻላል። ጭንቀቱ ከቀጠለ ሐዘን ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ይሄ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ስትነቂ ስልክሽን አታንሺ። ጌታ በመስቀል ላይ ከመዝሙር 31 ወስዶ የጸለየውን ቃል ጸልዪ፤ በእጅህ ነፍሴን አደራ እሰጣለሁ። አጭር ነው፤ የደከመ ሰውም ሊለው ይችላል። እንቅልፉ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። አደራው ግን ተሰጥቷል፤ ጠባቂውም አይተኛም። ደግሞ ለባለቤትሽ ንገሪው። በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀሰው፤ ምናልባት ምን ያህል እንደምትሠቃዪ አያውቅ ይሆናል።

አሁን ልጅሽ ቀርታለች። ወሬ ስትቀይሪባት ነገሩ ያልፋታል ብለሽ አታስቢ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ እናቱ ስታዝን ያያል፣ ሌሊት ስትነሣም ይሰማል። ከጥያቄዋ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ አንቺ ከሌለሽ እኔን ማን ይይዘኛል የሚል። ስለዚህ ራስሽ አንሺላት። አጠገቧ ቁጭ በዪና «ባለፈው የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም፤ አሁን ልንገርሽ» በያት። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ እኔም አንድ ቀን እሞታለሁ፣ አንቺን እያየሁ ረጅም ዘመን መኖር እፈልጋለሁ፣ እግዚአብሔርንም እሱን እለምነዋለሁ በያት። «አልሞትም» ብለሽ አትዋሻት። «እንቅልፍ ነው» ብለሽም አትሸፋፍኚው፤ መተኛት የሚፈሩ ልጆች አሉ። ምንም ቢሆን አባቷና የሚወዷት ሰዎች እንደሚይዟት ስማቸውን እየጠራሽ ንገሪያት። ኢየሱስ ከሞት እንደተነሣ፣ እኛንም እንደሚያስነሣን፣ ጓደኛሽም ስለናፈቀችሽ እንደምታለቅሺ ንገሪያት። ብታለቅሺ ምንም አይደል፤ እያለቀሱ ማመን እንደሚቻል ከአንቺ ትማራለች። ገና ሳትጨርሺ ተነሥታ ወደ ጨዋታዋ ብትሮጥ ደግሞ አትገረሚ። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ነው የሚወስዱት። ሌላ ቀን፣ ምናልባትም በማታስቢው ሰዓት፣ ተመልሳ ትጠይቅሻለች። ያኔም ቁጭ ብለሽ መልሺላት።